3,000 ትንኝ በአንድ ጠዋት፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6

ሥራ መጣ። ዶክተር አንድ የዕፅዋት ጭማቂ ነፍሳት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሊፈትኑ ነው። ለዚህ 3,000 የፍራፍሬ ዝንብ ይፈልጋሉ። ሁሉም በአንድ ቀን የተወለዱ መሆን አለባቸው። «ትችላለህ አይደል?» አሉኝ። «አያሳስብዎ» አልኩ። በሕይወቴ ያረባሁት ሁሉ ቢደመር 500 አይሞላም።

የፍራፍሬ ዝንብ ስንል ሙዝ ሲበሰብስ የምትመጣዋ፣ ጠጅ ቤት ብርሌ አፍ ላይ የምታንዣብበው ቀይ ዓይን ትንኝ ማለት ነው። ሳይንሱ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ይላታል። እዚህ ቤት ሁላችንም ትንኝ ነው የምንላት፣ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ። ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክሮሞዞሞቿ 4 ጥንድ ብቻ ናቸው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከእንቁላል እስከ አዋቂ 10 ቀን ይበቃታል። ርካሽ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ቦታ አትፈጅም። ከመቶ ዓመት በላይ ከላብራቶሪ ያልወጣችው በዚህ ነው።

በእጅ ያለው፦ ሁለት ስቶክ (ለዘር የምናቆየው መንጋ)፣ እያንዳንዱ በስድስት ስድስት ብልቃጥ። አንዱ ካንቶን-ኤስ የሚባለው መደበኛው ቀይ ዓይን ነው። ሌላው ለማስተማሪያ የምንይዘው ነጭ ዓይን ነው። ዶክተር የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ስቶቭ ከነሲሊንደሩ፣ አንድ ትልቅ ብረት ድስት፣ ማማሰያ። ኢንኩቤተር፣ ማለትም ሙቀቱን እኩል አድርጎ የሚይዝ ሳጥን፣ የለም። ነበር፣ ተበላሽቶ «ይጠገናል» ተብሎ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው።

ላብራቶሪው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲኬድ መንገዱ ጀርባ ነው። ግንቡ ወፍራም፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ። ይህን ለጊዜው ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ጥቅምት 8

የመጀመሪያው ምግብ። ለ1 ሊትር ውሃ የያዝኩት ልክ ይሄ ነው፦ አጋር (ምግቡን የሚያረጋው ዱቄት) 8 ግራም፣ የበቆሎ ዱቄት 60፣ ስኳር 80፣ ደረቅ የዳቦ እርሾ 20። ሻጋታ መከላከያው ናይፓጂን ይባላል፣ 10 በመቶ ሆኖ በአልኮል የተሟሟ፣ 15 ሚሊ ሊትር። ፕሮፒዮኒክ አሲድ 4 ሚሊ ሊትር። እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል፣ በዋናነት የሚያድገው በእርሾው ነው። በቆሎው ማደላደያ ነው ማለት ይቻላል።

ውሃው ሲፈላ አጋሩን ጨመርኩ፣ ቀጥሎ ዱቄቱን በተንኩበት። አምስት ደቂቃ አማስዬ አወረድኩ። መመሪያው የሚለው እንደዚያ ነው።

ጓል ጓል ሆነ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ አልረጋም። ጠርሙሱን ዘንበል ሳደርገው እንደ ሾርባ ይፈሳል። ድስቱ ሥር ያልሟሟ አጋር አሸዋ መስሎ ተኝቷል። 2 ሊትር ተደፋ። አጋር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውዱ ነው።

ጥቅምት 9

የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ድስቱን አይተው ቆሙ። «ምንድን ነው ይሄ? ገንፎም አይደል፣ አጥሚትም አይደል።» ነገርኳቸው። «ለትንኝ?» አሉና ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ግን ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። «ዱቄት እንዲህ የፈላ ውሃ ላይ ይበተናል እንዴ ልጄ? መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ትበጠብጠዋለህ። ከዚያ እያማሰልክ ቀስ እያልክ ታፈሰዋለህ።»

የዱቄቱ ነገር በዚህ አለቀ። የአጋሩን ደግሞ ቴርሞሜትሩ ነገረኝ። ድስቱ እየተንተከተከ ነካሁት፤ 92 ዲግሪ። እሳቱን ብጨምርም ያው 92። ረስቼው ነው እንጂ የታወቀ ነገር ነው። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ውሃ 100 ላይ አይፈላም። ባቄላ እዚህ ከአዋሽ ይልቅ ለምን እንደሚዘገይ ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ፣ አጋሩ ላይ ግን አላሰብኩትም። አጋር የሚሟሟው ከ85 ዲግሪ በላይ ነው። በ92 ይሟሟል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መመሪያውን የጻፈው ሰው አምስት ደቂቃ ያለው በሱ አገር ውሃ ነው።

አዲሱ አሠራር፦ አጋሩ በቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ተከድኖ 20 ደቂቃ ይፈላል። ከጭልፋ ሲንጠባጠብ ቅንጣት የማይታይበት ሲሆን የተበጠበጠው ዱቄትና እርሾ ይገባል። ሌላ 15 ደቂቃ። ረጋ። ጣቴን ስጭነው እንደ ማርማላታ ተመለሰ። 8 ጠርሙስ ሞላሁ፣ በእያንዳንዱ 30 ትንኝ ለቀቅሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ናይፓጂኑ ጥቂት ስለቀረ ግማሹን ብቻ ነው የጨመርኩት።

ጥቅምት 15

ከ8 ጠርሙስ 5 ሻግቷል። ነጭ ፀጉር አብቅሎ ከላዩ ጥቁር ነጠብጣብ። ሁለት ነገር ተደራረበብኝ። ናይፓጂኑ ግማሽ ነው፣ ክፍሉ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ሞቅ ባለ ቦታ እጮቹ ቶሎ አድገው ምግቡን ስለሚያርሱት ሻጋታ ፋታ አያገኝም። እኛ ጋ እጮቹ ገና ክር ያህላሉ።

የተረፉትን ሦስቱን በማይክሮስኮፕ አየሁ። እጩ ነጭ፣ ሊታይ ሊጠፋ የደረሰ ነው። አፉ ላይ ግን ሁለት ጥቁር ሜንጦ አለችው። በእሷ ምግቡን እየጎተተ፣ እየጫረ ይሄዳል። ሆዱ ውስጥ የዋጠው ሲላወስ በቆዳው ይታያል። ሥራዬን ትቼ ግማሽ ሰዓት አየሁት።

ናይፓጂን ሙሉ ልክ ታዘዘ። ሲጨመር ደግሞ ምግቡ ወደ 60 ዲግሪ መውረድ አለበት፤ በፈላ ላይ ከጨመሩት አልኮሉና አሲዱ ይተናል። ቆጥቤአለሁ ብዬ ከዚህ በላይ ከስሬአለሁ።

ጥቅምት 20

ጠርሙስ ፍለጋ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራው ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው አይቀመስም። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ሰበሰብን፣ ነፃ ነው። ትኩስ ምግብ ስንሞላበት ወገቡ ተኮማትሮ ቁጭ አለ። አቀዝቅዘን ሞላን፣ እሺ አለ። ግን አንገቱ ጠባብ ነው፣ ትንኝ ለማውጣት አይመችም። ታጥቦ ተቀቅሎም ድጋሚ አይሠራም።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። የማርማላታና የማር ብርጭቆ ጠርሙስ፣ 45 ፍሬ፣ አንዱ በ25 ብር። 50 ብሎ ነው የጀመረው። «ለምንድን ነው?» አለኝ ልጁ። «ለትንኝ» ብለው ዋጋ አይቀንስልኝም ብዬ «ለጃም» አልኩ። 1,125 ብር። ጥጥና ጎዝ ከፋርማሲ 640። ጥጡ በጎዝ ተጠቅልሎ ውታፍ ይሆናል፤ አየር ያስገባል፣ ትንኝ አያሳልፍም።

ጥቅምት 28

በመጽሐፉ ሂሳብ ትንኞቹ ጥቅምት 19 መውጣት ነበረባቸው። የመጀመሪያዎቹ የወጡት ዛሬ ነው። 19 ቀን።

ቴርሞሜትሩን አንድ ሳምንት መደርደሪያው ላይ ተውኩት። ቀን 19፣ ንጋት ላይ 16። በ18 ዲግሪ የትንኝ ዕድገት ሁለት እጥፍ ይረዝማል፣ ስለዚህ የሚገርም ነገር የለም። በዚህ አካሄድ ሥራው ከፋሲካ ወዲያ ሊሄድ ነው።

አንድ ጥቅም አገኘሁ። በሌላ አገር ስቶክ ለማቆየት 18 ዲግሪ የሚያደርግ ማሽን ገዝተው ያስቀምጣሉ። እኛ ግን መደርደሪያ ይበቃናል። ከሁለቱም ስቶክ ሦስት ሦስት ብልቃጥ ለይቼ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ዕቃ ቤት አስቀመጥኩ። ለክፉ ቀን።

ጥቅምት 30

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሞተሩ የተቃጠለ ፍሪጅ አለ። ማቀዝቀዝ ቢያቅተው ሙቀት መያዝ አያቅተውም። የገባበት፦ ዲጂታል ቴርሞስታት 1,900 ብር፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ማራገቢያ፣ 60 ዋት አምፖል። አምፖሉ የድሮው ዓይነት መሆን አለበት። ኤልኢዲው አይሞቅም፣ የድሮውን ለማግኘት ሦስት ሱቅ ዞሬአለሁ። ታች ሳፋ ውሃ አለ፣ አለዚያ አየሩ ይደርቅና ምግቡ ይሰነጣጠቃል። እርጥበቱን 60 በመቶ አካባቢ ነው የምፈልገው።

አምፖሉ ሌሊት ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። ይሄ ችግር ነው። ትንኝ ቀንና ሌሊቷን ታውቃለች፣ ከፑፓ፣ ማለትም እጩ ወደ አዋቂ ከሚለወጥበት ቅርፊት፣ የምትወጣውም ንጋት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖቤል የተሸለሙት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ የሰውነትን ሰዓት ያጠኑት በዚችው ትንኝ ነው። ብርሃኑ ከተዘበራረቀባት የምፈልገው «በአንድ ጠዋት» የሚባለው ነገር ይቀራል። ስለዚህ አምፖሉን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሸፈንኩት፤ ሙቀቱ ይወጣል፣ ብርሃኑ አይወጣም። ለመብራት ሌላ ትንሽ ኤልኢዲ ከሰዓት መቆጣጠሪያ ጋር ገባ። ጠዋት 12 ሰዓት ይበራል፣ ማታ 12 ሰዓት ይጠፋል።

ኅዳር 5

የላይኛው መደርደሪያ 29 ዲግሪ፣ የታችኛው 22። አንድ ቀን የገቡ ጠርሙሶች፣ የላዩ ፑፓው ጠቁሯል፣ የታቹ ገና እጭ ነው። ወደ 30 ሲጠጋ ደግሞ ወንዶቹ መካን ይሆናሉ።

ማራገቢያውን ከላይ አንስቼ ታች አደረግሁት፣ አፉ ወደ አምፖሉ። መደርደሪያውን በሽቦ ፍርግርግ ቀየርኩ። አሁን ላይ 25.6፣ ታች 24.4። በዚህ ተስማምተናል።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭሱ በመስኮት ገባ። መስኮቱን ዘግተን በእርጥብ ጨርቅ ደፍነን ዋልን። ትንኝ ማባረሪያ ጭስ ትንኝ እርባታ ላይ ሲገባ ማየት ያስቃል፣ እኔ ግን አልሳቅሁም።

የዛሬው ሥራ የእንቁላል መሰብሰቢያ ነው። እስካሁን ትንኞቹን ምግብ ላይ ለቅቄ «እንደ ፍላጎታችሁ» ነበር። ውጤቱ አንዱ ጠርሙስ 600 እጭ ተጨናንቆበት ምግቡ ውሃ ሆነ፣ የወጡትም ትንኞች ቀጫጮች ናቸው። ሌላው ጠርሙስ 40። ለምርምር እንዲህ አይሆንም፣ አመጋገቡ እኩል ካልሆነ ጭማቂው የገደለውና ረሃብ የገደለው አይለይም። እንቁላሉ ተቆጥሮ መግባት አለበት።

ጎጆው የ5 ሊትር ፕላስቲክ ማሰሮ ነው። ጎኑ ተቆርጦ አጎበር ተለጥፎበታል፣ እጅ ማስገቢያው የካልሲ አንገት ነው። ታች የሚገባው ሳህን አጋርና ጭማቂ ነው። መመሪያው የወይን ጭማቂ ይላል። እኔ ብርቱካን ጨመቅሁ። ይህን በዘፈቀደ አላደረግሁትም፤ ትንኝ እንቁላል ለመጣል የብርቱካን ዘር የሆነ ፍሬ እንደምትመርጥ በምርምር የታየ ነው። መሀሉ ላይ እንደ ሊጥ የታሸ እርሾ በማንኪያ ጫፍ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ሳህን አወጣሁ። በጥቁር ጨርቅ ላይ ሳየው ደስ አለኝ። እንቁላሏ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ነጭ፣ ሩዝ መሳይ። ከፊቷ ሁለት ክር አላት፣ እንደ ጥንቸል ጆሮ። ምግብ ውስጥ ስትሰምጥ የምትተነፍሰው በነሱ ነው።

የመጀመሪያውን ሳህን ግን መጣል እንዳለበት በኋላ ነው የገባኝ። ሴቷ ቦታ ካልተመቻት የተፀነሰ እንቁላል ሆዷ ውስጥ ይዛ ትቆያለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳህን ላይ የወጣው ዕድሜው የተቀላቀለ ነው። ሁለት ሰዓት አስጥሎ መድፋት፣ ከዚያ አዲስ ሳህን ለአራት ሰዓት። የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው።

ኅዳር 19

ዛሬ የደረሰብኝን በዝርዝር ልጻፈው።

የነጭ ዓይን ስቶኩን ለማደስ ጠርሙሱን አወጣሁ። በረዶ ላይ አደንዝዤ ትሪ ላይ ዘረገፍኳቸው። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ቀይ። ቆጠርኩ። ከ160 ትንኝ 11ዱ ቀይ ዓይን ናቸው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ከካንቶን-ኤስ አንድ ወንድ አምልጦ ገብቶ ነው የሚል ነበር። ከዚያ ፆታቸውን ለየሁ። 5 ሴት፣ 6 ወንድ። እዚህ ላይ ቆምኩ። የዚህ ዓይን ቀለም ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። የዘር ውርስ ተመራማሪው ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1910 ኒው ዮርክ ውስጥ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ትንኝ አግኝቶ የደረሰበት ይህንኑ ነው። ወንድ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ነጭ ዓይን ካላት እናት የተወለደ ወንድ፣ አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ ዓይኑ ነጭ ነው። የገባው ወንድ ቢሆን ኖሮ ቀይ የሚሆኑት ሴቶቹ ብቻ ነበሩ። እኔ ጋ ግን ቀይ ዓይን ወንድ አለ። ስለዚህ እናትየዋ ራሷ ባዕድ ናት።

ባዕዷ የት ገባች? ጠርሙሱ በጥጥ ተወትፏል። የቀረው ምግቡ ነው። ምግብ ሞልተን ሌሊቱን እንፋሎቱ እንዲወጣ ክፍት እንተወዋለን፣ ከላይ አሮጌ ነጠላ ጣል አድርገን። ነጠላው ዳርና ዳር ክፍተት አለው። የእርሾና የስኳር ሽታ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራል። የሰፈር ትንኝ ገብታ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ ወጥታለች።

ይሄ በነጭ ዓይኑ ታወቀ። ካንቶን-ኤሱም ምግቡን የሚበላው ከዚያው ድስት ነው፣ እሱ ላይ ግን ቀይ በቀይ ነው፣ በምን ይለያል? 50 ትንኝ ጀርባቸውን አየሁ። የሰባት ስምንቱ ደረት ላይ ሹካ መሳይ ጥቁር ምልክት ጎላ ብሎ ይታያል። የኛ ደጋ ትንኞች ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ፍቼ አካባቢ፣ 3,000 ሜትር ላይ የተሰበሰቡት ከሌላው አፍሪካ ይልቅ ጥቁርና ተለቅ ያሉ መሆናቸው ተጠንቷል። ይሄ ማስረጃ አይሆንም። እንቅልፍ ለመንሳት ግን ይበቃል።

ለዶክተር ደወልኩ። «ስንቱ ነው የተበላሸው?» «አላውቅም፣ ችግሩም እሱ ነው።» ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲህ ከዜሮ» አሉ።

ኅዳር 20

28 ጠርሙስ፣ ሁለቱ ጎጆዎች፣ ሁሉም ፍሪዘር ገቡ። እንዲሁ አይደፋም፣ አለዚያ ሰፈሩን እኛ መበከላችን ነው። እትዬ ጠርሙሶቹን ሲያጥቡ «አይ የትንኝ ድካም» አሉ። የኔንም ድካም ጨምረው ሳይሆን አይቀርም።

የክፉ ቀን ብልቃጦች ወጡ። ዕቃ ቤት የገቡት ብልቃጡ ውስጥ ከበሰለና ወዲያው ከተወተፈ ምግብ ጋር ነው፣ ክፍት ያደረ የለባቸውም። ከነጭ ዓይኑ ብልቃጦች 200 አየሁ፣ አንድም ቀይ የለም። ለካንቶን-ኤሱ የማረጋገጫ መንገዴ ይሄ ብቻ ነው። ነጭ ዓይኖቹን ከእንግዲህ እንደ ዘበኛ ነው የምይዛቸው፤ በእያንዳንዱ የምግብ ዙር አንድ ጠርሙስ ለነሱ።

የተለወጠ፦ ምግቡ የሚበርደው በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ በሩ ጠርዝ ላይ ስፖንጅ ተለጥፎ። የትንሹ ማጠቢያ አጠገብ ወጥመድ፦ አቼቶ በብርጭቆ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ አፉ ላይ የወረቀት ማንቆርቆሪያ። በአንድ ሌሊት 37 ትንኝ። የሙዝ ልጣጭ ከሕንፃው መከልከሉን በር ላይ ለጠፍኩ። አንዳንዱ ሰው ቅር ብሎታል።

ኅዳር 27

ለመጨመር ብዬ ከሌላ ቦታ ያመጣሁት አንድ ብልቃጥ ቅንቅን ይዞ መጣ፣ በላብራቶሪ ቋንቋ ማይት። ውታፉ ላይ ነጭ አቧራ መስሎ ይንቀሳቀሳል። ዕድሜ ለጥርጣሬዬ፣ ለብቻው ሌላ ክፍል ነበር ያስቀመጥኩት። ብልቃጡን ሳልከፍት ፍሪዘር። ከዚያ ወዲያ የሚሰበሰብ እንቁላል ሁሉ እኩል ውሃ በተቀላቀለበት በረኪና ሁለት ደቂቃ ይታጠባል፣ ከዚያ በብዙ ውሃ። የውጭ ሽፋኑ ይለቃል፣ ቅንቅንም ሆነ ሌላ ተባይ አብሮ ይሄዳል። እንቁላሉ ምንም አይሆንም፣ ሰዓት ማየት ግን አለብዎ። አንዴ ስልክ አነጋግሬ አራት ደቂቃ ቆይቷል፣ ግማሹ አልተፈለፈለም።

ታኅሣሥ 5

ትልቁ ዙር። ሂሳቡ፦ በአንድ ጠርሙስ 200 እንቁላል። በሙከራዬ ከ200 ወደ 150 ትንኝ ይወጣል። ከ150ው ውስጥ በዋናው ቀን የሚወጣው 95 አካባቢ ነው። 3,000 ለ95፣ 32 ጠርሙስ። ሁለት ለመጠባበቂያ። 34።

6,800 እንቁላል በብሩሽ መቁጠር የማይታሰብ ነው። የታጠበው እንቁላል በጨው ውሃ ውስጥ ይዘቅጣል። ጫፉ በተቆረጠ ፒፔት እየሳብኩ አሥር ጊዜ አውጥቼ ቆጠርኩና ልኩን ፒፔቱ ላይ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ በምልክቱ። ጠዋት የጀመርኩ ማታ 1 ሰዓት ጨረስኩ። ወገቤ የለም።

ታኅሣሥ 11

ሌሊት 5 ሰዓት መብራት ጠፋ። ጥበቃው ጋሼ ደወሉልኝ፤ ፍሪጁ «ጢጥ» ሲል ሰምተው ነው። እኔ ያለሁት አያት ሰፈር ነው፣ በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። «ጋሼ፣ ውሃ አፍልተው በሃይላንድ ሞልተው ይክተቱልኝ» አልኳቸው። «ብርድ ልብስስ ላልብሳቸው?» አሉ። ሳቁ፣ ግን ብርድ ልብሱንም ጣል አድርገዋል። በከሰል ምድጃቸው ሁለት ጊዜ አፍልተው፣ ሃይላንዱ እንዳይኮማተር አብርደው፣ 9 ጠርሙስ አስገቡ። መብራቱ ጠዋት 1 ሰዓት መጣ። ቴርሞሜትሩ የመዘገበው ዝቅተኛው 20.5 ነው። ውሃው ባይገባ 16 ነበር።

ታኅሣሥ 15 እና 16

ማታ አዋቂ ሆኖ የወጣውን ሁሉ አወጣን፣ ጠዋት የሚገኘው አዲስ ብቻ እንዲሆን። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ላብራቶሪ ነበርኩ። ፍሪጁ ውስጥ መብራቷ 12 ላይ በራች። ጠርሙሱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። የፑፓው ግንባር ይከፈታል፣ ትንኟ እንደ ተነፋ ከረጢት በሚያብጥ ግንባሯ እየገፋች ትወጣለች። ስትወጣ ገርጥታ ነው፣ ክንፏ ታጥቦ እንዳልተዘረጋ ጨርቅ ነው። ሆዷ ላይ በቆዳው የሚታይ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ በእጭነቷ የበላችው የመጨረሻው ጉርሻ ነው። ያን ነጠብጣብ ያየ ዛሬ የተወለደች ናት ብሎ መማል ይችላል።

ቆጠራው በሚዛን ነው። 100 ትንኝ በረዶ ላይ ቆጥሬ መዘንኩ፣ 98 ሚሊ ግራም። ከዚያ ሁሉንም። በ24 ሰዓት የወጣው 1,870።

ጎደለ። መብራት የጠፋበት ሌሊት ሁሉንም እኩል አላዘገየም፤ ሃይላንዱ አጠገብ የነበሩት ቀደሙ፣ በር በኩል የነበሩት ዘገዩ። መውጫቸው በሦስት ቀን ላይ ተበተነ። በዚያ ላይ ሁለት ጠርሙስ በበረዶው ጤዛ ረጥቦ ትንኞቹ ምግቡ ላይ ተጣበቁ። ከዚህ ወዲያ ትሪውና በረዶው መሀል የማጣሪያ ወረቀት። ነጭ ዓይኖቹን አየሁ፦ 140፣ ቀይ የለም።

ዶክተር 1,870ውን የጭማቂውን ልክ ለማውጣት ወሰዷቸው። «አልከሰርንም» አሉ። ደግ ናቸው።

እስካሁን የወጣ፦ ጠርሙስ 1,125፣ ጥጥና ጎዝ 640፣ ቴርሞስታት 1,900፣ አምፖልና ሽቦ 420፣ ብርቱካን፣ ስኳር፣ ዱቄትና እርሾ 2,300 ገደማ። ኬሚካሉ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ለጋሼ ከሰል 150፣ አልቀበልም ብለው ነበር።

ታኅሣሥ 17

ሁለተኛው ዙር ገባ። 40 ጠርሙስ። 12 ሃይላንድ ውሃ ከወዲሁ ፍሪጁ ውስጥ፣ ጎንና ጎን እኩል ተደርድሯል። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም እዚያው ነው የሚኖረው፣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ታኅሣሥ 27

ገና ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ ከተማው በዶሮ ጫጫታ ሰክሯል። መብራት በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ አንዱ ሦስት ሰዓት ቆየ። ዝቅተኛው 23.8።

ጠዋት 12 ሰዓት ጀምረን፣ እትዬም ውታፍ እየነቀሉ፣ 4 ሰዓት ላይ ጨረስን። ሚዛኑ 3.15 ግራም። 3,214 ትንኝ። የነጭ ዓይኑ ጠርሙስ 151፣ ሁሉም ነጭ።

ዶክተር የፎም ሳጥን ይዘው መጡ። ብልቃጦቹን ደርድረው ክዳኑን ከገጠሙ በኋላ በሩ ላይ ዞር አሉ። «ከጥምቀት በኋላ ሦስት ሺህ ድጋሚ ብንፈልግስ? ሴቶቹ ብቻ፣ ወንድ ያልነካቸው።»

ሴቷ ከወጣች በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ወንድ አትቀርብም። በየስድስት ሰባት ሰዓቱ ማጥራት ይጠይቃል፣ ሌሊትም ጭምር። ጋሼን ማነጋገር አለብኝ። ጠርሙስ ደግሞ 80 ይፈልጋል፤ ምናለሽ ተራ፣ ከበዓል በኋላ።